ስለ ሩቅ አገሮች ያለን አሳብ ስለ ምን ይሳሳታል

«የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ሲሉ አባቶቻችን ተርተዋል። ተረቱ ለዘመኑ እውነት ነበረ፤ በዛሬው ዘመን ግን ነገሩ ተገልብጦ እናየዋለን። ሰው አይቶት የማያውቀውን አገር ይናፍቃል፤ አይቶት የማያውቀውን አገር ይፈራል፤ አይቶት በማያውቀው አገር ሕዝብ ላይም ይፈርዳል። ስለዚህ የሩቅ አገርን ነገር አሳስቶ መያዝ የተማሪ ቤት ጥያቄ ብቻ መሆኑ ቀርቶ፥ የቤተሰብን ኑሮና የመንግሥትን ሥራ የሚነካ ነገር ሆኗል።

ብዙ ሰዎች የዚህን ስሕተት ምክንያት ሲጠየቁ፥ አለመማር ነው ብለው ይመልሳሉ። መልሱ በከፊል እውነት ነው። ነገር ግን ታሪክ ሲመረመር፥ ስለ ዓለም መልክ ትልልቁን ስሕተት የሠሩት ፊደል ያልቈጠሩ ሰዎች አይደሉም፤ መጻሕፍት የጻፉና ካርታ የነደፉ ሊቃውንት ናቸው። ያልተማረ ሰው ስለ ሩቅ አገር ቢጠየቅ «እኔ ምን አውቃለሁ» ብሎ ዝም ይላል፤ የተማረው ግን ዝም ማለት ያሳፍረዋልና በግምት ይሞላዋል። እንግዲህ የስሕተቱ ሥር አለማወቅ ሳይሆን፥ ያልታወቀውን ስፍራ ባዶ አድርጎ መተው አለመቻል ነው እንላለን። ይህንንም ከዚህ በታች በምሳሌ እናስረዳለን። በዚህ ጽሑፍ የሚነገሩት ዓመታት እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውል።

በመጀመሪያ ስምን እንመልከት። የጥንት የግሪክና የሮማ ጸሐፊዎች «ህንድ» የሚለውን ስም ከቀይ ባሕር ጀምሮ ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ ላለው አገር ያለ ልክ ይሰጡት ነበር። ስለ አባታችን ስለ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን በላቲን ቋንቋ የጻፈው ሩፊኖስ፥ ፍሬምናጦስና ባልንጀራው የደረሱበትን አገር ህንድ ብሎ ይጠራዋል። አገሩ የአክሱም መንግሥት እንደ ሆነ የሚያስረዳው ግን ቅዱስ አትናቴዎስ በጽሑፉ ውስጥ ያስቀመጠው፥ ንጉሠ ነገሥቱ ቆስጠንጢዮስ ለኢዛናና ለወንድሙ የላከው ደብዳቤ ነው። አንድ ስም ለሁለት አገር ሲሰጥ፥ የአንዱ ነገር ለሌላው እየተቈጠረ ስንት ዘመን እንደሚኖር ከዚህ እናያለን።

ከዚህም የሚበልጥ አለ። በ1165 ዓ.ም. ገደማ «ካህኑ ዮሐንስ» ከሚባል በምሥራቅ ከሚኖር ታላቅ የክርስቲያን ንጉሥ ተላከ የተባለ አንድ ደብዳቤ በኤውሮፓ ተሠራጨ። ደብዳቤው ልብ ወለድ ነበር፤ ነገር ግን ኤውሮፓ እንዲህ ያለ ረዳት ንጉሥ እንዲኖር ትመኝ ስለ ነበር አመነችው። በእስያ ፈልገው ባጡት ጊዜ፥ ከ14ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ስሙን አንሥተው ለኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ሰጡት። በ1520 ዓ.ም. የፖርቱጋል መልክተኞች ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል ዘንድ መጡ፤ ከነርሱ ጋር የነበረው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በአገራችን ስድስት ዓመት ተቀምጦ ያየውን በጥንቃቄ ጻፈ። ይሁን እንጂ መጽሐፉ በ1540 ዓ.ም. በሊዝቦን በታተመ ጊዜ በርእሱ ላይ የታተመው ያው «የህንድ ካህኑ ዮሐንስ አገር» የሚለው አሮጌ ስም ነበረ። ገበያው የሚፈልገው ስሙን ነበርና፥ በዓይን የታየው ነገር በወሬ ስም ተሸፍኖ ወጣ። በ1573 ዓ.ም. ደግሞ ኦርቴሊዩስ የሚባለው የታወቀ ካርታ ሠሪ፥ የዚህን ንጉሥ ግዛት ከልኩ አልፎ ወደ አፍሪካ ደቡብ እጅግ ዘርግቶ አሳተመው።

ክሪስቶፎር ኮሎምቦስም በዚሁ መንገድ ተሳሳተ። አል ፈርጋኒ የሚባለው በዓረብኛ የጻፈ ሊቅ የምድርን ልክ የተናገረው በዓረብ ማይል ነበር፤ ኮሎምቦስ ግን ከዚያ በሚያንሰው በጣሊያን ማይል ቈጥሮ ምድርን ከልክዋ በሩብ ያህል አሳነሳት። ስለዚህ በ1492 ዓ.ም. በምዕራብ በኩል ተጉዞ ባገኘው ደሴት ላይ ህንድ የደረሰ መሰለው፤ የአገሩንም ተወላጆች ህንዶች አላቸው። ስሕተቱ ከታወቀ አምስት መቶ ዓመት አልፎታል፤ ስሙ ግን እስከ ዛሬ ድረስ በሰዎቹ ላይ ተለጥፎ ቀርቷል።

እኛስ ከዚህ ነጻ ነን? «ፈረንጅ» የሚለው ቃላችን ፍራንክ ከሚባል ከአንድ የኤውሮፓ ነገድ ስም የመጣ ሲሆን፥ ዛሬ ፊንላንዳዊውንም ግሪኩንም አሜሪካዊውንም በአንድነት እንጠራበታለን። «ዓረብ አገር» የምንለውም ከሞሮኮ እስከ ዑማን ድረስ ያለውን ሁሉ ይጠቀልላል። ጸሐፊው የሚያውቃት አንዲት እናት ልጅዋ በቤይሩት በሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራ ነበር። በ2015 ዓ.ም. በየመን ጦርነት በረታ የሚል ወሬ በሬድዮ በሰማች ጊዜ፥ «ልጄ ያለችው ዓረብ አገር ነው» ብላ ሁለት ቀን እህል ሳትቀምስ አለቀሰች። አንድ የሰፈር ዲያቆን የትምህርት ቤት ካርታ አምጥቶ ከቤይሩት እስከ ሰንዓ ከ2000 ኪሎ ሜትር በላይ መሆኑን እስኪያሳያት ድረስ የሚያጽናናት ሰው አልነበረም። ይህች እናት ያለቀሰችው ስለ ሞኝነትዋ አይደለም፤ ቋንቋችን ሁለቱን አገር በአንድ ስም ስላስተማራት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ባዶ ስፍራን በምኞትና በግምት መሙላት ነው። ጄምስ ሬነል የሚባለው በዘመኑ እጅግ የተከበረ የእንግሊዝ ካርታ ሠሪ፥ በ1798 ዓ.ም. ከሙንጎ ፓርክ የጉዞ መጽሐፍ ጋር ለሚወጣው ካርታ የምዕራብ አፍሪካን መልክ ሲነድፍ፥ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የተዘረጋ ታላቅ የተራራ ሰንሰለት አኖረበትና የኮንግ ተራሮች ተባለ። ሙንጎ ፓርክ በሩቅ ጥቂት ተራራ ማየቱን ተናግሮ ነበር፤ ሬነል ደግሞ የኒጀር ወንዝ ስለ ምን ወደ ደቡብ እንደማይወርድ የሚያስረዳበት ምክንያት ፈልጎ ነበር። ከዚያ ወዲያ ሌሎች ካርታ ሠሪዎች አንዱ ከአንዱ እየቀዱ ተራራውን አስረዘሙት። ፈረንሳዊው መኰንን ቤንዤ ከ1887 እስከ 1889 ዓ.ም. በአገሩ ተዘዋውሮ በስፍራው እንዲህ ያለ የተራራ ሰንሰለት አለመኖሩን እስኪያረጋግጥ ድረስ፥ ዘጠና ዓመት ያህል የሌለ ተራራ በተማሪ ቤት ሲጠና ኖረ። የቅጂ ብዛት ምስክር መስሎ ታየ፤ ግን መቶ ቅጂ ከአንድ ስሕተት ቢቀዳ ያው አንድ ስሕተት ነው። መጽሐፍ የሚገለብጡ ካህናት ይህን ከማንም አብልጠው ያውቁታል።

የካሊፎርንያም ነገር ይህንኑ ያስተምራል። በ1539 እና በ1540 ዓ.ም. የተጓዙ የእስፓኝ መርከበኞች ታችኛው ካሊፎርንያ ከየብሱ ጋር የተያያዘ መሆኑን ደርሰውበት ነበር። በ17ኛው መቶ ዓመት ግን ደሴት ነው የሚል ወሬ ተነሥቶ ካርታዎች ሁሉ በባሕር ከበቡት። ኪኖ የሚባለው ካህን በ1700 ዓ.ም. አካባቢ በእግርና በፈረስ ተጉዞ የየብስ መንገድ መኖሩን አሳየ፤ ብዙዎች ግን አላመኑትም፤ በመጨረሻም በ1747 ዓ.ም. የእስፓኝ ንጉሥ ካሊፎርንያ ደሴት አይደለም ብሎ በዐዋጅ መናገር አስፈለገው። እንግዲህ ዕውቀት አንድ ጊዜ ከተገኘ ለዘላለም ይኖራል ማለት አይቻልም፤ ጠባቂ ካላገኘ እውነቱ ተመልሶ ይጠፋል።

ሦስተኛው ምክንያት፥ በዓይን ያየ ሰው ሁሉን ያወቀ ስለሚመስለን ነው። ኮስማስ የሚባለው የእስክንድርያ ነጋዴ በ6ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ካሌብ ዘመን ወደ አዱሊስ መጥቶ፥ በዚያ የነበረውን የድንጋይ ጽሑፍ በጥንቃቄ ገልብጦ አቈየልን። ድንጋዩ ዛሬ የለም፤ ስለዚህ የታሪካችን ምሁራን ሁሉ ለርሱ ባለዕዳዎች ናቸው። ነገር ግን ይኸው ሰው ስለ ዓለም መልክ በጻፈው መጽሐፍ፥ ምድር እንደ ደብተራ ኦሪት ገበታ ዝርግ ናት፤ ክብ ናት የሚሉትም ይሳሳታሉ ብሎ ተከራከረ። ከርሱ ከሰባት መቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ፥ ኤራቶስቴንስ የሚባለው ሊቅ ከግብጽ ሳይወጣ፥ በእስክንድርያ በእኩለ ቀን የሚወድቀውን ጥላ በአስዋን ፀሐይ አናት ላይ ከምትሆንበት ሰዓት ጋር አስተያይቶ የምድርን ዙሪያ ለክቶ ነበር። መንገደኛው ብዙ አገር አይቶ ተሳሳተ፤ ቤቱ የተቀመጠው ግን ትክክለኛ ጥያቄ ስለ ጠየቀ ወደ እውነቱ ቀረበ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንጨምር። የቀድሞ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሁሉ ምድር ዝርግ ናት ይሉ ነበር፥ ኮሎምቦስም ይህን አፈረሰ የሚል ነገር በብዙ መጽሐፍ ተጽፏል፤ ይህም ራሱ ስሕተት ነው። ቅዱስ ባስልዮስ ስለ ስድስቱ ቀን ፍጥረት ሲያስተምር፥ ሙሴ ስለ ምድር መልክ ዝም ማለቱ የፍጥረትን ክብር እንደማያሳንስ ተናግሮ ነገሩን ለተመራማሪዎች ትቶታል። በኮሎምቦስ ዘመን የነበሩ ሊቃውንት የተከራከሩት ምድር ክብ መሆንዋን ሳይሆን ስፋትዋን ነበር፤ በክርክሩም ልክ የነበሩት እነርሱ ናቸው። የተሳሳተውን ታሪክ በሰፊው ያሠራጨው ዋሽንግተን ኢርቪንግ የሚባለው አሜሪካዊ ደራሲ በ1828 ዓ.ም. ያሳተመው መጽሐፍ ነው። የሩቅ አገርን ብቻ ሳይሆን የሩቅ ዘመንንም ሰው በግምት እንደምንሞላ ከዚህ ይታያል።

አራተኛው ምክንያት ካርታው ራሱ ነው። ምድር እንደ ብርቱካን ክብ ስትሆን ካርታ እንደ ብራና ዝርግ ነው፤ የብርቱካንንም ልጣጭ ሳይቀዱና ሳይስቡ በገበታ ላይ መዘርጋት አይቻልም። ጌራርዱስ መርካቶር የሚባለው የፍላንደርስ ተወላጅ በ1569 ዓ.ም. የሠራው ካርታ ለመርከበኛ እጅግ የሚጠቅም ነበር፤ መርከበኛው ቀጥ ያለ መሥመር አስምሮ አንዱን የኮምፓስ አቅጣጫ ሳይለውጥ ይጓዝበታልና። ለዚህ ጥቅም የተከፈለው ዋጋ ግን፥ ከምድር ወገብ ርቆ ወደ ዋልታ የሚቀርበው አገር ሁሉ ያለ ልኩ እየሰፋ መታየቱ ነው። በ60ኛው የኬክሮስ ደረጃ ላይ ያለ አገር ስፋቱ አራት እጥፍ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ በዚህ ካርታ ግሪንላንድ ከአፍሪካ ጋር የሚተካከል ይመስላል፤ በእውነቱ ግን የአፍሪካ ስፋት 30 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፥ የግሪንላንድ ከ2 ሚሊዮን ጥቂት የሚበልጥ ነውና፥ አፍሪካ ዐሥራ አራት እጥፍ ትሰፋለች። ኢትዮጵያም ለምድር ወገብ ቅርብ ስለ ሆነች በዚህ ካርታ ትንሽ ትመስላለች፤ ስፋትዋ ግን 1 ሚሊዮን 100 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሆኖ፥ በኤውሮፓ ያለውን የፈረንሳይ ምድር እጥፍ ይሆናል።

ጥፋቱ የመርካቶር አይደለም፤ ለባሕር መንገድ የተሠራውን መሣሪያ ለሕፃናት ማስተማሪያ አድርገው በግድግዳ የሰቀሉት ሰዎች ናቸው። በ2025 ዓ.ም. መቀመጫው በአዲስ አበባ የሆነው የአፍሪካ ኅብረት፥ ይህ ካርታ የአገሮችን ስፋት በልኩ በሚያሳይ ካርታ እንዲተካ የቀረበውን ጥሪ መደገፉ ስለዚህ ነው። ዓይን በሕፃንነት ያየውን ልክ፥ አእምሮ ካደገ በኋላ በቍጥር ማቃናት አስቸጋሪ ነውና።

አምስተኛው ምክንያት የወሬ አመጣጥና የዕውቀት ማርጀት ነው። ከሩቅ አገር የሚመጣ ወሬ ጦርነት፥ ረኃብና የምድር መናወጥ ሲሆን ፈጥኖ ይደርሳል፤ ገበሬው መልካም መከር ሰበሰበ፥ ልጆች ተማሪ ቤት ገቡ የሚለውን ግን ማንም አይልከውም። በ1984 እና በ1985 ዓ.ም. በአገራችን የደረሰው ረኃብ ሥዕል በዓለም ሁሉ ታየ፤ ከዚያ በኋላ የተወለደ ኢትዮጵያዊ እንኳ በውጭ አገር ሲሄድ ስለዚያው ረኃብ ይጠየቃል። በዚህ እናዝናለን፤ ማዘናችንም ይገባል። ግን እኛም ስለ ሌላው አገር የምናውቀው ከዚህ ተቃራኒ በሆነ ሥዕል ነው፤ የኤውሮፓና የአሜሪካ ምስል ሕንጻና መኪና ብቻ ሆኖ ይመጣልና፥ በዚያ ቤት ኪራይ የሚያስጨንቀው፥ ሥራ የሚያጣ፥ በብርድ መንገድ ላይ የሚያድር ሰው ያለ አይመስለንም።

ሐንስ ሮዝሊንግ የሚባለው የስዊድን ሐኪም ከልጁና ከምራቱ ጋር በ2017 ዓ.ም. በ14 አገሮች የሚኖሩ 12000 ያህል ሰዎችን ስለ ዓለም ሁኔታ 12 ጥያቄ አስጠየቀ። እያንዳንዱ ጥያቄ ሦስት ምርጫ ነበረው። ጥያቄውን ሳያነብ በዕጣ የሚመልስ ሰው አራት ያህሉን ያገኝ ነበር፤ የሰዎቹ አማካይ ውጤት ግን ሁለት ብቻ ሆነ። በዕጣ ከሚገኘው አንሶ መገኘት አለማወቅ ብቻ አይደለም፤ የተሳሳተ ነገርን አጽንቶ መያዝ ነው። ሮዝሊንግ በየጉባኤው የጠየቃቸው መምህራንና ባለሥልጣኖችም ከዚህ አልዳኑም፤ ምክንያቱም በወጣትነታቸው የተማሩትን ዓለም እስከ ሽምግልና ድረስ ሳያድሱ ይዘው ስለ ኖሩ ነው። መኰንን በየዓመቱ የሚወጣውን ደንብ ያጠናል፤ የዓለምን ሁኔታ ግን ከሠላሳ ዓመት በፊት በተማረው ይፈርዳል።

እንግዲህ መድኀኒቱ ምንድን ነው? ሁለት የቀድሞ ሰዎች ያሳዩናል። አንደኛው ዳንቪል የሚባለው ፈረንሳዊ ካርታ ሠሪ ነው። በ1749 ዓ.ም. ባሳተመው የአፍሪካ ካርታ፥ ከርሱ በፊት የነበሩት በተረት ከተማና በግምት ወንዝ የሞሉትን መካከለኛውን ክፍል ባዶ ነጭ አድርጎ ተወው። ይህ ድፍረት ነበር፤ በዘመኑ ሰው ዓይን ባዶ ካርታ ያልተሠራ ካርታ ይመስላልና። ነገር ግን «እዚህ ያለውን አላውቅም» የሚለው ነጭ ስፍራ፥ ኋላ መንገደኞች ሄደው እንዲመረምሩ ምክንያት ሆነ። የተሞላ ስሕተት ማንንም አያስነሣም፤ ባዶ ስፍራ ግን ጠያቂ ይጠራል።

ሁለተኛው አባ ጎርጎርዮስ የሚባሉት የአምሐራው የመካነ ሥላሴ ሰው ናቸው። በ1649 ዓ.ም. በሮማ ከጀርመናዊው ሊቅ ከኢዮብ ሉዶልፍ ጋር ተገናኙ፤ በ1652 ዓ.ም. ደግሞ መስፍኑ ኤርነስት ጠርቷቸው ወደ ጎታ ሄዱ። ሉዶልፍ በሕይወቱ ኢትዮጵያን አልረገጠም፤ የአገሩን ሰው ግን በግዕዝ ቋንቋ እየጠየቀ ወንዙን፥ አውራጃውን፥ የሕዝቡንም ልማድ ጻፈ። በ1681 ዓ.ም. የኢትዮጵያን ታሪክ፥ በ1683 ዓ.ም. ደግሞ ካርታዋን አሳተመ፤ ኦርቴሊዩስ ወደ ደቡብ ያለ ልክ የዘረጋትንም ኢትዮጵያ ወደ እውነተኛ ስፍራዋ መለሳት። መርከብና ሠራዊት ያልገለጡትን፥ አንድ ትሑት ጠያቂና አንድ የማይዋሽ መላሽ በአንድ ክፍል ተቀምጠው ገለጡት። አባ ጎርጎርዮስ የማያውቁትን አላውቅም ባይሉ ኖሮ፥ ከካህኑ ዮሐንስ ደብዳቤ የሚሻል ነገር ባልተገኘም ነበር።

ይህን ሁሉ የምናነሣው ስለ አሮጌ ካርታ ለመጫወት አይደለም። በዚህ ዘመን ከወንድሞቻችን ልጆች ብዙዎቹ በጅቡቲ በኩል በጀልባ ባሕር ተሻግረው ወደ ሳዑዲ ዓረብያ ለመሄድ ይነሣሉ። ደላላው «ዓረብ አገር ባሕሩን ሲሻገሩ ነው» ይላቸዋል። ቃሉ ሐሰት አይደለም፤ ባሕሩን ሲሻገሩ የሚገኘው ግን የመን ነው። ከዚያ እስከ ሳዑዲ ወሰን ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር የበረሃና የተራራ መንገድ አለ፤ በየመንም ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ጦርነት ተነሥቶ ብዙ ሕዝብ አልቋል። ይህን ሳያውቁ የሚሄዱ ጥቂት አይደሉም። ለኤውሮፓዊው ካርታ ሠሪ የኮንግ ተራራ ስሕተት የወረቀት ስሕተት ነበረ፤ ለነዚህ ልጆች ግን «ዓረብ አገር» የሚለው አንድ ስም የሕይወት ስሕተት ይሆናል።

ስለዚህ ለባለሥልጣንም ለካህንም የሚገባ ሥራ አለ። ባለሥልጣን ስለ አንድ ሩቅ አገር ነገር ሲቀርብለት፥ ይህን ማን አየው፥ በየትኛው ዓመት አየው፥ የአገሩስ ሰው ምን ይላል ብሎ ይጠይቅ፤ መልስ ካልተገኘም ስፍራውን ባዶ ይተወው እንጂ በግምት አይፈርድ። የተማሪ ቤት ሹም በግድግዳ የተሰቀለው ካርታ ለምን ሥራ እንደ ተሠራ ለልጆች እንዲነገራቸው ያድርግ፤ ከካርታው አጠገብም ክብ የምድር ምስል ይቀመጥ። ካህንም የንስሐ ልጁ ልጁን ወደ ሩቅ አገር ሊሰድ ቡራኬ ሊቀበል በመጣ ጊዜ፥ ከመባረኩ አስቀድሞ የአገሩን ስም፥ የመንገዱን ርቀት፥ በመካከሉ ያለውን ባሕርና በረሃ ይጠይቀው። አባት መመለስ ቢያቅተው ያ ዝምታ ራሱ ብዙ ነገር ይነግረዋል። ዲያቆኑ ለዚያች ለምታለቅስ እናት ያመጣው ካርታ ዋጋው ጥቂት ብር ነበረ፤ ያሳረፈው ልብ ግን በብር አይተመንም።

«ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል» እንደሚባለው፥ ሰው ያላየውን በሚያውቀው ልክ መለካቱ አይቀርም። ይህ የሰው ጠባይ ነው፤ ሊነቀል አይችልም፤ ሊገራ ግን ይችላል። የሚገራውም በብዙ መጽሐፍ ሳይሆን በሁለት አጭር ቃል ነው፤ አንዱ «አላውቅም» የሚለው ነው፥ ሁለተኛውም «ከየት ሰማኸው» የሚለው ነው። እነዚህን ሁለት ቃላት አባቶች ለልጆቻቸው፥ መምህራን ለደቀ መዛሙርታቸው፥ ሹማምንትም እርስ በርሳቸው ያለ ኀፍረት ቢለዋወጡዋቸው፥ ልጆቻችን ወደሚያውቁት አገር በሚያውቁት መንገድ ይሄዳሉ፤ የሚቀሩትም አውቀው ይቀራሉ።